የመምህር ልጅ በሰኔ

የግንቦት ልደታን ንፍሮ ከጎረቤት ጋር ቀምሰን ከተበተንን ጀምሮ እስከ ሰኔ ማብቂያ እኛ ቤት እንግዳ አይጠራም። የማኅበር ተራዬ በእነዚህ ወራት ላይ ሲወድቅ ከአንዷ ማኅበርተኛ ጋር ተለዋውጬ ወደ ነሐሴ አሻግረዋለሁ። ዘመድም ለምዶታል። ያልለመደ ሲደውል ባለቤቴ "እሷ እኮ ሮስተር ላይ ናት" ይለዋል። ሮስተር የተማሪዎች ማርክ ተደምሮ የሚሰፍርበት መዝገብ መሆኑን የማያውቁት የአክስቴ ባል አንድ ጊዜ ይህን ሰምተው፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው "እግዜር ይማርሽ" ሊሉኝ መጡ። ገብተው ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ወረቀት ሲያዩ "ይሄማ ከበሽታም ይብሳል" ብለው ቡና እንኳ ሳይጠጡ ወጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አምና ሚኒስትሪ፣ የስምንተኛ ክፍሉን ፈተና፣ ወስዳለች፤ ትንሹ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ባለቤቴ ጋራዥ ነው የሚሠራው። ይህን የምጽፈው ቀኑን የሰው ልጅ ሲያስተምሩ ውለው ማታ የገዛ ልጃቸው ደብተር ለሚጠብቃቸው መምህራን ነው። እኛ ቤት ያስኬደንን እነግራችኋለሁ፤ ለእናንተ የሚሆነውን ውሰዱ።

መምህር ያልሆነ ሰው ሰኔን የዕረፍት ዋዜማ አድርጎ ነው የሚያየው። እኛ ዘንድ ግን ዓመቱ ሙሉ ተንጠባጥቦ የቀረው ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የካቲት ላይ ይጀምራል፣ መሃሉን ፋሲካ ይቆርጠዋል፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መጽሐፉን ስትገልጡት ያልተነካው ምዕራፍ ከተነካው ይበልጣል። ግንቦት በማካካሻና በሞዴል ፈተና ያልቃል። ሰኔ ሲገባ ሚኒስትሪው፣ የትምህርት ቤቱ ፋይናል፣ እርማቱ፣ ሮስተሩና ካርዱ ይከታተላሉ። ቤት ደግሞ የራሱ ሰኔ አለው። የክረምቱ ሽሮ መዘጋጀት ያለበት ፀሐይ ሳለች ነው። የተከካ አተር በረንዳ ላይ አስጥቶ ክፍል መግባት በግንቦት ይቻላል፣ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ግን አይሞከርም። ሰኔና ሰኞ ሲገጥም እንዲህ ነው።

ሽሮውን ያዳኑልኝ የባለቤቴ እናት ናቸው። እማማ ግንቦት ላይ ከደብረ ብርሃን ይመጡና ቁላውንም ክኩንም ቅመሙንም በራሳቸው እጅ ይይዙታል፤ እኔ የምሠራው ቅዳሜ ወፍጮ ቤት መውሰድ ብቻ ነው። ችግሩ የሰኔን ጾም የሚጾሙ መሆናቸው ነው። "የቄስ ጾም ነው" እየተባለ ብዙው ሰው የሚዘለውን እሳቸው አይዘሉትም። ስለዚህ ድስቱ ሁለት ይሆናል፣ የጾምና የፍስክ። መጨረሻ ላይ የደረስንበት ስምምነት ቀላል ነው፦ እማማ እስካሉ ድረስ ቤቱ በሙሉ የጾም ይበላል፣ ለልጆቹ እንቁላል ለብቻው ይጠበስላቸዋል። ትንሹ ለወጡ ግድ የለውም፣ የሚጠይቀው ማንጎ ነው፤ ማንጎ ደግሞ በዚያን ሰሞን በየመንገዱ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የመምህር ልጅ በፈተና ሰሞን የሚጎዳው ትምህርት ስለሚያንሰው አይደለም። አስተማሪ ስለሚበዛበት ነው። እናቱ በር ስትገባ የክፍሏን ድምፅ ይዛ ትገባለች። ትልቋ ልጄ ሰባተኛ ክፍል እያለች አንድ ማታ፣ የእኩልታ ጥያቄ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ እርሳሱን አስቀምጣ "እማዬ፣ እንደ ክፍል አታውሪኝ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ "ባለፈው ሳምንት ይህን አላየነውም?" የሚለው አነጋገር ሃምሳ ተማሪ ላለበት ክፍል ነው የሚሆነው። እናት ስትናገረው ልጅ የሚሰማው "ደንቆሮ ነሽ" ተብሎ ነው።

ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ፣ ከኛ ብሎክ ሁለት ብሎክ አልፎ፣ አብራኝ የምታስተምር የእንግሊዝኛ መምህርት አለች። የእሷም ልጅ አምና ስምንተኛ ነበር። በሰርቪስ ስንመለስ እሷ በሒሳብ እያማረረች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እያማረርኩ፣ ጀሞ ሳንደርስ ተስማማን። ቅዳሜ ጠዋት የእሷ ልጅ ወደ እኔ ይመጣል፣ የኔዋ ወደ እሷ ትሄዳለች። ክፍያ የለም፣ ዳቦና ሻይ አለ። አንድ ሕግ ብቻ አደረግን፦ ልጁ ሲመለስ "ዛሬ ምን ተማርሽ?" ተብሎ በር ላይ አይመረመርም።

የሆነውን በአንድ ጥያቄ ላሳያችሁ። ሸሚዝ ላይ 20 በመቶ ቅናሽ ተደርጎ 640 ብር ተሸጠ፤ ከቅናሹ በፊት ዋጋው ስንት ነበር? የጓደኛዬ ልጅ የ640ን 20 በመቶ አወጣ፣ 128 አገኘ፣ ደመረና 768 አለ። ክፍሌ ውስጥ ግማሹ ተማሪ ይህንኑ ነው የሚጽፈው። እንግዳ ልጅ ስለሆነ በእርጋታ ጠየቅኩት፦ "768ን ሃያ በመቶ ቀንስልኝ፣ 640 ይመጣል?" ሠራው። 614 ብር ከ40 ሳንቲም መጣ። ዝም ብሎ ወረቀቱን አየው፣ ከዚያ "ቅናሹ የተቀነሰው ከ640 አይደለማ!" አለ ራሱ። ከዚያ በኋላ የኔ እርዳታ ብዙም አላስፈለገም። 640 ማለት 80 በመቶ ነው፣ 10 በመቶው 80 ብር ነው፣ ስለዚህ ሙሉው 800።

ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። ጥያቄውን መጀመሪያ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ሳነብለት "ዲስካውንት" ላይ ቆሞ ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረ ልጅ ሰባተኛ ላይ ሒሳቡም ሳይንሱም እንግሊዝኛ ይሆንበታል፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ ሚኒስትሪ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ሒሳብ አይችልም የምንለው ልጅ ጥያቄውን ያልተረዳ ልጅ ነው። ይህን ለእንግሊዝኛዋ መምህርት ስነግራት ከመጽሐፋችን መልመጃ የሚደጋገሙትን ቃላት አውጥተን በአንድ ወረቀት ጻፍናቸው፤ ቀሪ፣ ድርሻ፣ ትርፍ፣ ኪሳራ፣ አማካይ የሚባሉትን ከነእንግሊዝኛቸው። እሷ የኔን ልጅ በእንግሊዝኛ ሰዓቷ እነዚህን ጥያቄዎች ታስነብባታለች፣ መልስ ሳታስወጣ። "ምን ተሰጠሽ? ምን ተጠየቅሽ?" ብቻ። ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ መምህር ባትሆኑም፣ ይህን ቤት ውስጥ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሒሳቡን ማወቅ አይጠበቅባችሁም።

ልጄ ከቅዳሜው ትምህርት ስትመለስ እኔ እናቷ ነኝ። ፀጉሯን እሠራታለሁ፣ ስለ ጓደኞቿ ታወራኛለች። ፈተናው ሲቃረብ የነገረችኝን ያህል ዓመቱን ሙሉ አልነገረችኝም።

አጋር መምህር በቅርብ የሌላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? የአንድ ጓደኛዬ መላ ጥሩ ነው፦ ዘጠነኛ ክፍል ያለች የጎረቤት ልጅ ትጠራለች። ለልጅ ከሁሉ የሚቀለው አምና እዚያው ያለፈበት ሌላ ልጅ ሲያስረዳው ነው። ገንዘብ ከፍላችሁ የምታስጠኑ ከሆነ ግን አስጠኚው እናንተ ዘንድ ቁጭ ብሎ በእናንተ ፊት እንዲያስጠና አታድርጉ። መምህር የሆነ ወላጅ እዚያ ክፍል ውስጥ ካለ ሁለት መምህር አለ ማለት ነው፤ ልጁም የሚያየው የትኛው ፊት እንደሚኮሳተር ነው።

ትንሹ በዚህ ግርግር መሃል የሚረሳ ልጅ ነው። ሚኒስትሪ የለበትም፣ ሮስተር የለበትም። እሱ ግን ራሱ መላ አበጀ። ፋይናል ሲታተም ሁልጊዜ ጥቂት ቅጂ ይተርፋል፤ ፈተናው ከተሰጠ በኋላ ትርፉን ለሱ አመጣለታለሁ። ቀይ እስክሪብቶ የኔ ነው፣ አረንጓዴው የሱ። ከጎኔ ይቀመጥና ያርማል። አንዳንዴ ለኔ ፈተና ይሰጠኛል፣ ከአሥር ሦስት ያስገባልኛል፣ ከሥር "ወላጅ ይዘሽ ነይ" ብሎ ይጽፋል። ፊደል አጻጻፉ የተስተካከለው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመተኛቱ በፊት ደግሞ አባቱ ያስነብበዋል፤ እጁ ላይ ያለው ግሪስ በኦሞ ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ የተረት መጽሐፎቻችን ጠርዝ ሁሉ ጥቁር ነው።

አሁን ስለ እርማቱ፣ ምክንያቱም ቤቱን የሚያምሰው እሱ ነው። አምስት ክፍል አለኝ፣ በያንዳንዱ ሃምሳ ገደማ ተማሪ፤ ፋይናል ሲመጣ 250 ወረቀት ነው። ምርጫውን የማርመው በካርቶን ነው። የመልስ ወረቀቱን የሚያህል ካርቶን እቆርጥና ትክክለኛዎቹ መልሶች የሚውሉበትን ቦታ እበሳዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ስደፋው በቀዳዳው የታየው ምልክት ብቻ ይቆጠራል። ከመድፋቴ በፊት ግን ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ ያጠቆረ መኖሩን አያለሁ፤ ያን ሳያዩ መድፋት ሌባን መሸለም ነው። የሚሠራውን ጥያቄ ደግሞ በተማሪ አላርምም፣ በጥያቄ ነው። የአንድ ክፍል 21ኛ ጥያቄ አልቆ ነው ወደ 22ኛው የማልፈው። ለከፊል መልስ ስንት እንደምሰጥ አልረሳም፣ ሌሊት የታረመውና ጠዋት የታረመውም አንድ ዓይነት ይሆናል።

በሰኔ ወረቀት ያለ ፌስታል አይጓዝም። ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ወፍራም ፌስታል አለ፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከትምህርት ቤት በር እስከ ሰርቪስ ድረስ ባለው መንገድ ላይ ቦርሳ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ የምግብ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ምክንያቱ የሽሮ ጠብታ ብቻ አይደለም። የማስተምራቸው ልጆች ከፊሎቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ልጄም አብራቸው ትጫወታለች። የእገሌን ማርክ ዓይቶ ዝም ማለት ከአሥራ አራት ዓመት ልጅ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል።

ውጤቱን ሮስተር ላይ ከመስፈሩ በፊት ክፍል ውስጥ ለተማሪው አሳያለሁ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ሮስተር ከተፈረመበት በኋላ አንድ ቁጥር ለመቀየር ስንት ሰው ደጅ እንደሚጠና መምህር ሁሉ ያውቃል። ተማሪው ወረቀቱን አይቶ "ቲቸር፣ ይሄ አልተደመረልኝም" ካለ ገና በእርሳስ ነው ያለው።

እኔ የክፍል ኃላፊም ስለሆንኩ የክፍሌ ሮስተር የኔ ነው። ከየመምህሩ የትምህርት ዓይነቱን ማርክ መሰብሰብ፣ መደመር፣ አማካይ ማውጣት፣ ደረጃ መስጠት። ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል መሥራት ከጀመርን ወዲህ ድምሩ ቀሏል፤ ማስገባቱ ግን አሁንም በጣት ነው፣ ጣት ደግሞ 69ን 96 ያደርጋል። ስለዚህ ማታ ማታ ባለቤቴ ያነብልኛል። ስም እንዳያይ በማስመሪያ ይሸፍነውና ተራ ቁጥርና ማርክ ብቻ ይጠራል።

"አሥራ ሰባት፤ ሰማንያ ሁለት፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሰባ አንድ፣ አርባ... ኧረ ይሄ ልጅ ምን ሆነ?"

"አስተያየት የለም።"

"አርባ ስድስት። አስተያየት አይደለም፣ አዘንኩለት እንጂ።"

በመጨረሻ የሁሉንም ተማሪ ድምር ወደ ታች እደምራለሁ፣ የየትምህርቱን ድምር ደግሞ ወደ ጎን። ሁለቱ አንድ ቁጥር ካልመጡ የሆነ ቦታ ስህተት አለ፤ በእጅ የምትሠሩ ከሆነ ይህችን ሳትፈትሹ አትፈርሙ። በኤክሴል የምትሠሩም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል፤ የአንዱ ረድፍ ቀመር ተሰብሮ ከሆነ የሚያጋልጠው ይህ ነው። ኤክሴል የገባውን ቁጥር እንጂ መግባት የነበረበትን አያውቅም፤ እሱን የሚይዘው የባለቤቴ ድምፅ ነው።

መብራት እንደሚጠፋ አስባችሁ ሥሩ። ክረምቱ ሲገባ ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር ይሄዳል። የቅዳሜ እንጀራ ምጣድ ላይ ሆኖ የጠፋብኝ ጊዜ አለ፤ አሁን ሰኔ ላይ እንጀራ ከሰፈር እገዛለሁ፣ ውድ ነው ግን የጠዋቱን ምሳ ዕቃ ያድናል። ዩኒፎርም አርብ ማታ ይታጠባል፣ እሁድ ታጥቦ ሰኞ የደረቀ ሹራብ በሰኔ አላየሁም። ፋይሉን ደግሞ በፍላሽ ብቻ አታስቀምጡ፣ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት።

ከማርክ ጋር የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ፦ "ቲቸር፣ ትንሽ ጨምሪለት"። ክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ደረጃ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳይቀር። እናትየዋ ጎረቤቴ ናት፣ ትናንት ሽንኩርት ያበደረችኝ ናት። እኔ አልቆጣም፣ ሕግም አልጠቅስላትም። "ሰኞ ነይና ወረቀቱን አብረን እንየው" እላለሁ። ሰኞ ከመጣች ወረቀቱን እሰጣታለሁ፣ ጥያቄ በጥያቄ እናያለን። ብዙዎቹ የሚሄዱት "ይሄ ልጅ ቤት ሲደርስ ያገኘኛል" እያሉ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለልጁ መማለድ የኔ ሥራ ይሆናል። ወረቀቶቹን ካርድ እስኪሰጥ አትጣሉ።

በሌላ በኩል እኔም ወላጅ ነኝ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ስጠራ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ነው የምቀመጠው። እዚያ ስሄድ "እኔም መምህር ነኝ" ብዬ አልጀምርም። ያን ያለ ወላጅ ፊቴ ሲቀመጥ ትከሻዬ እንዴት እንደሚነሳ ስለማውቀው ነው። የምጠይቀው "ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች? ከማን ጋር ትቀመጣለች?" ነው። ማርኩን ከካርዱ አነበዋለሁ፣ ይህን ግን ካርድ አይነግረኝም።

የሚኒስትሪው ሳምንት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚታረመው በማሽን ስለሆነ መልሱ በእርሳስ ማጥቆር ነው፣ ልጆች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በአብዛኛው የሚፈተኑት ፊደሉን እየጻፉ ነው። ልጄን ሒሳብ አላስጠናኋትም፣ ማጥቆር ግን አለማመድኳት። ትልቁ አደጋ መዝለል ነው፦ 14ኛውን ጥያቄ "በኋላ እመለስበታለሁ" ብሎ ይዘልና የ15ኛውን መልስ 14ኛው ቦታ ላይ ያጠቁራል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ሁሉም አንድ ቦታ ይንሸራተታል። የሚያውቀውን ሁሉ ያጣል። መድኃኒቱ በየአምስቱ ጥያቄ ቆሞ ተራ ቁጥሩን ማመሳከር ነው። ሲያጠፋ በደንብ ማጥፋት አለበት፤ ግማሽ የጠፋ እርሳስ ማሽኑ ሁለት መልስ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ ንጹሕ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ አድሚሽን ካርድ። ስልክ እቤት ይቀራል። ይህ ሁሉ ዋዜማው ላይ በአንድ ፌስታል ውስጥ ተደርጎ በር እጀታ ላይ ይንጠለጠላል፤ ያን ማታ አዲስ ነገር አይጠናም።

መምህር የሆነ ወላጅ ብዙ ጊዜ ልጁን ለፈተና አያደርስም፤ በዚያው ቀን ራሱ ሌላ ትምህርት ቤት ፈታኝ ሆኖ ተመድቧል። እኔ በሌላ ክፍለ ከተማ የማላውቃቸውን ልጆች ካርድ ከፊታቸው ጋር ሳመሳክር የኔን ልጅ ካርድ ሌላ መምህር እያመሳከረላት ነበር። ያደረሳት አባቷ ነው፣ ከጋራዥ አስፈቅዶ። ይህን ቀድማችሁ አውቃችሁ ለአጃቢው ንገሩ፤ ጠዋት ላይ የሚታወስ ነገር አይደለም። ፈታኝ ሆኜ አንዲት ልጅ እርሳሷ ሲሰበርባት ትርፍ ሰጠኋት። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ትርፍ እይዛለሁ፣ የሆነ ቦታ የሆነ መምህር ለኔዋም ይይዝላታል እያልኩ።

ማታ ስንገናኝ "እንዴት ነበር?" አላልኳትም። ነገም ፈተና ስላለ የዛሬውን መልስ መቆፈር ጥቅም የለውም። "ምን ልሥራልሽ?" አልኳት። "ፓስታ" አለች። እማማ የጾም ሥጎውን ሠርተውላት ነበር፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ተኛች።

የገንዘቡን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። የመንግሥት መምህር የክረምት ደሞዙን ያገኛል። እህቴ ግን የምታስተምረው በግል ትምህርት ቤት ነው፣ ውሏም ከመስከረም እስከ ሰኔ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ናቸው። ስትቀጠሩ ውሉ የአሥር ወር ይሁን የአሥራ ሁለት ወር አንብባችሁ ፈርሙ። የአሥር ወር ከሆነ ከየወሩ ደሞዝ ከስድስት አንዱን እጅ አስቀምጡ፤ ስሌቱ ልክ ነው። ለምሳሌ በወር 9,000 ብር የሚያገኝ 1,500 ቢያስቀምጥ በአሥር ወር 15,000 ይሆናል፣ ያ ደግሞ ለሁለቱ ወራት 7,500፣ 7,500 ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሲያወጣ የነበረውን ያህል ማለት ነው። እህቴ ቁጠባ አልሆንልሽ ስላላት በእቁብ ነው የምትሠራው፣ ሰብሳቢዋን ለምና ዕጣዋን የሰኔ መጨረሻ ታስደርጋለች። እኛ ልጆቻችንን በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለምናስተምር ደብተሩም ዩኒፎርሙም ከከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ጫማና ቦርሳ ብቻ ይቀረናል። የግል ትምህርት ቤት ወላጆች ግን የመጪው ዓመት ምዝገባም፣ ካለ የክፍያ ጭማሪውም ብዙ ጊዜ የሚነገራቸው በዚሁ ሰሞን ስለሆነ፣ የወላጆች ስብሰባ ወረቀት ሲመጣ "ጊዜ የለኝም" ብላችሁ አትቅሩ። ስለ ጭማሪው የሚወራው እዚያ ነው።

ካርድ ከተሰጠ በኋላ ልጃችሁ ስምንተኛን የጨረሰ ከሆነ ሥራው አላለቀም። ዘጠነኛ ክፍል ሌላ ትምህርት ቤት ነው፣ ስለዚህ ከስምንተኛው መሸኛ ያስፈልጋል። የሚኒስትሪው ውጤት ክረምቱ መሃል ላይ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ቀን ይሮጣል፤ ያኔ ደግሞ ርእሰ መምህሩ ዕረፍት ላይ ነው፣ ማኅተሙ የተቆለፈበት ካዝና ቁልፍ ከማን ጋር እንዳለ የሚያውቅ የለም። መዝገብ ቤት ገና ሰው እያለ፣ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት፣ የስም ፊደሉ በካርዱ፣ በአድሚሽን ካርዱና በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አመሳክሩ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የአባት ስም ላይ አንድ ፊደል ስትጎድል ስንቱ ወላጅ ጳጉሜን ድረስ እንደሚንከራተት በዓይኔ አይቻለሁ። የካርዱን ፎቶ ኮፒ ሁለት አድርጉ፣ በስልክም አንሱት። መዝገብ ቤት የምትሄዱት ደግሞ ጠዋት ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ በሰኔ ዝናብ ነው፣ ጸሐፊዋም ቀድማ ትወጣለች።